ደሴና ጅቡቲ በአንድ ኬክሮስ፦ ስለ አፍሪካ መልክዓ ምድርና ኢኮኖሚ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አምስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታና ከተለያየ ሙያ የመጡ ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚጠይቁት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አንዱ የአፍሪካ ክፍል ቡና፣ ሌላው ካካዎ፣ ሌላው በግና ግመል፣ ሌላው ደግሞ መዳብ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣው ለምንድን ነው የሚል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «አባቴ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። በስልክ ስንነጋገር እሱ ሙቀቱ እንቅልፍ ነሣኝ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ጋቢ ደርቤ ነው የማወራው። ካርታ ላይ ስመለከት ግን ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ሙቀት የሚወሰነው ከምድር ወገብ ባለው ርቀት እንደሆነ ነው። ታዲያ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተማርሽው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ ጅቡቲም ከዚያ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ስለዚህ ፀሐይ ለሁለቱም ከተሞች የምታደላው እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታ ነው። የፀሐይ ጨረር አየሩን በቀጥታ እምብዛም አያሞቀውም፤ አቋርጦት አልፎ መሬቱን ያሞቃል፤ የሞቀው መሬት ደግሞ በተራው ከላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። አየሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ እየሰፋና እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በአማካይም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ያጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ስሌቱን ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ሁለት ተኩል በ6 ሲባዛ 15 ይሆናል። የጅቡቲ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ከዚያ ላይ 15 ሲቀነስ የሚቀረው ጋቢ የሚያስደርበው የደሴ አየር ነው።

ቆላ፣ ወይና ደጋ እና ደጋ የሚለው የአገራችን አከፋፈል ይህንኑ ሕግ በሰብልና በከብት ቋንቋ የሚናገር ነው። ገብሱ ከደጋው፣ ጤፉ ከወይና ደጋው፣ ማሽላውና ግመሉ ከቆላው የሚመጣ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ይገኛል። ከደሴ ብዙ የማይርቀውን የባቲን የሰኞ ገበያ አይተሽው ከሆነ ነገሩን በዓይንሽ አይተሻል ማለት ነው። ባቲ የደጋው ቁልቁለት አልቆ የአፋር ሜዳ ከመጀመሩ በፊት ያለች ከተማ ናት፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ የአማራና የኦሮሞ ገበሬ እህሉን ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ የሚገናኙት እዚያ ነው። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ቢያመርቱ ኖሮ ያ ገበያ ለምን ያስፈልግ ነበር? በሌሎቹም መልሶቼ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ፤ የአንድን አህጉር ኢኮኖሚ ለመረዳት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የተለያየ አየር ያላቸው ቦታዎች የሚዋሰኑበት ድንበር ነው ብዬ አምናለሁና።

ከፍታ የከተሞችንም ቦታ ወስኗል። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ኪጋሊና ጆሃንስበርግ ሁሉም ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። በሐሩሩ ክልል ውስጥ ደጋው የሚመረጠው አየሩ ስለሚመች ብቻ ሳይሆን፣ የወባ ትንኝ በብርድ በቀላሉ ስለማትራባና አፈሩም ለእርሻ ተስማሚ ስለሆነ ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ተጠጋግቶ የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ «ለብዙ ዓመታት በጅዳ ኖሬአለሁ። ቀይ ባሕር ከቤቴ ደጃፍ ነው፤ አየሩም ልብስ እስኪያረጥብ ድረስ እርጥብ ነው፤ ዝናብ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰሃራም እንዲሁ በባሕር ተከቦ ደረቅ ነው። ውሃ ባለበት ዝናብ የማይኖረው ለምንድን ነው?» (አንባቢያችን፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ)

መልስ፦ ለዝናብ እርጥበት ብቻውን አይበቃም፤ እርጥቡ አየር ወደ ላይ መውጣትና መቀዝቀዝ አለበት። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ ዝናቡን እዚያው ካራገፈ በኋላ፣ ደርቆ በከፍታ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ ከዚያም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ተመልሶ ወደ መሬት ይወርዳል። የሚወርድ አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። ጅዳም ሆነች 9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ሰሃራ የሚገኙት ከዚህ ከሚወርደው አየር ሥር ነው፤ በደቡቡ የአህጉሩ ጫፍ ያሉት ካላሃሪና ናሚብም የሰሃራ አምሳያዎች ናቸው።

ይህ ደረቅ መቀነት ግን ከጥንት እንዲሁ የነበረ አይደለም። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ፀሐይ በሰሜኑ በኩል የበለጠ ይበረታ ስለነበር ዝናቡ ወደ ሰሃራ ዘልቆ ይገባ ነበር፤ በአልጄሪያ ታሲሊ ናጀር ተራሮች ዋሻዎች ውስጥ የከብት መንጋዎች ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ። ዝናቡ ሲሸሽ ሰውና ከብት ውሃ ወዳለበት ተሰደደ፤ የዓባይ ሸለቆ እየተጨናነቀ የሄደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ግብፅ ዝናብ ሳይኖራት የእህል አገር የሆነችው፣ ውሃው የሚመጣው ከሌላ ቦታ፣ በዋናነትም ከኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ስለሆነ ነው።

እርስዎ ያሉበት አገር ደግሞ ድርቀቱን በንግድ ያካክሳል። በየዓመቱ ለሐጅና ለዒድ ከሚታረደው በግ ጥቂት የማይባለው ከበርበራ ወደብ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ሲሆን፣ ከእርሱም ውስጥ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የግጦሽ መሬት ተነድቶ የወጣ አለ። ለእርሻ የማይበቃ ዝናብ ያለው ምድር ለመንጋ ይበቃል፤ ለመንጋ እንኳ የማይበቃው ደግሞ መንጋውን ይገዛል።

ጥያቄ፦ «በቡና ንግድ ላይ የተሰማራሁ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የካካዎ ዋጋ በቶን ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲወጣ እኛ ቡና ላይ ብቻ ማተኮራችን አሳሰበኝ። ካካዎ አይቮሪ ኮስትና ጋና ብቻ የሚበቅለው ለምንድን ነው? እኛስ ለምን አናመርተውም?» (ነጋዴ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ካካዎ በሌሎችም አገሮች ይበቅላል፤ ሆኖም ሁለቱ አገሮች አንድ ላይ ሆነው ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያቀርባሉ። ምክንያቱን ለመረዳት የምዕራብ አፍሪካን ካርታ ከደቡብ ወደ ሰሜን ማንበብ ይጠቅማል። በእኛ አገር አየር የሚለዋወጠው ሽቅብና ቁልቁል ሲሆን፣ በዚያ በኩል ግን መሬቱ በአብዛኛው ዝቅተኛና ሜዳማ ስለሆነ አየሩ የሚለዋወጠው ከባሕሩ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ነው። የዝናብ መቀነቱ ፀሐይን ተከትሎ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ከዚያም ይመለሳል። ለባሕሩ የቀረበው ቦታ መቀነቱ ሲወጣም ሲመለስም ስለሚያገኘው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ በሰሜን ጫፍ ያለው ሳህል ግን መቀነቱን ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ብቻ ያየዋል። ስለዚህ ከደቡብ ጀምሮ መጀመሪያ የደኑ አገር ይገኛል፤ ካካዎ፣ የፓልም ዘይትና የጎማ ዛፍ የእርሱ ናቸው። ቀጥሎ ቦዬ፣ ካሳቫና ካሽው የሚበቅልበት ዛፍና ሣር የተቀላቀለበት ምድር አለ። ከዚያ ጥጥ፣ ኦቾሎኒና ማሽላ፣ ከዚያም የፉላኒ ከብት አርቢዎች ሣር፣ በመጨረሻም አሸዋው ይመጣል። እነዚህ መቀነቶች በማስመሪያ የተሰመሩ አይደሉም፤ ለምሳሌ አክራ ከባሕሩ ዳር ሆና በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስታገኝ፣ ወደ ውስጥ የገባችው ኩማሲ ከእርሷ የበለጠ ዝናብ ታገኛለች።

ካካዎ ከዚህ ሁሉ የሚፈልገው የደኑን ክፍል ነው። በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ በጋና ሌሊት እንኳ የማይቀዘቅዝ አየር ይፈልጋል። የእርስዎ የጅማ መሬት ዝናቡን ይሰጠዋል፤ ሌሊቱ ግን ይበርደዋል። አረቢካ ቡና ደግሞ በተቃራኒው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥላማ ደን ልጅ ስለሆነ ያንን ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይወደዋል፤ ፍሬው ቀስ ብሎ መብሰሉም ለጣዕሙ ይጠቅመዋል። በቆላማው አይቮሪ ኮስት የሚመረተው ቡና ሙቀትን የሚችለው ሮቡስታ መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው። በአገራችን ሙቀትና በቂ እርጥበት አብረው የሚገኙት በደቡብ ምዕራቡ ዝቅተኛ ቦታዎች፣ ያውም በጠባቡ ነው፤ የቀረው ቆላችን ሞቃት እንጂ እርጥብ አይደለም።

አየሩ ተስማሚ መሆኑ ግን ካካዎን በራሱ አላመጣውም። ተክሉ የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ነው። ጋናውያን ሁሉ የሚያውቁት ቴቴ ኳርሺ የተባለ አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ፍሬውን ይዞ መጥቶ ተከለ፤ ገበሬዎችም ደኑን እየመነጠሩ አስፋፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1911 በዚያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል የነበረችው አገር የዓለም ቀዳሚ አምራች ሆና ነበር። አርባ ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያደረጉት በአብዛኛው በራሳቸው ማሳ ላይ የሠሩ አነስተኛ ገበሬዎች መሆናቸው ሊታወስ ይገባል።

ስለ ዋጋው ያነሡት ነገር ለእኔ ከምኞት ይልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ዋጋው የተሰቀለው ምርቱ ስለጠፋ ነው፤ በመጀመሪያ ከልክ ያለፈ ዝናብ ፍሬውን የሚያጠቁር በሽታ አባባሰ፤ ቀጥሎ ድርቅና ከሰሃራ የሚነፍሰው ሃርማታን የተባለው ደረቅ አቧራማ ነፋስ መጣ፤ ዛፉን የሚገድለው የቫይረስ በሽታም በዚያ ላይ ተጨመረ። ጎተራው ባዶ ለሆነ ገበሬ የቶኑ ዋጋ 10,000 ዶላር መግባቱ ምን ይፈይድለታል? በአንድ የአየር መቀነት ውስጥ በአንድ ተክል ላይ የተመሠረተ ኑሮ ሰማዩ በተለወጠ ጊዜ መጠጊያ የለውም፤ ቡናችንም ከዚህ ነፃ አይደለምና የጥላ ዛፎቹን መጠበቅ ሌላ ሰብል ከመመኘት ይቀድማል እላለሁ።

የምዕራቡን አፍሪካ ታሪካዊ ንግድ የሠራውም የመቀነቶቹ መለያየት ነው። ኮላ የተባለው የደኑ አገር የሚታኘክ ፍሬ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር፤ የሳህሉ ከብት ወደ ደቡብ ይነዳል፤ ከሰሃራው መካከል ከታውዴኒ የተቆረጠ የጨው ሰሌዳ በግመል ወደ ቲምቡክቱ ይመጣ ነበር። የእኛን የአፋር አሞሌ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ «ከጅቡቲ ማዳበሪያና ስንዴ የማመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። በውጭ አገር ትልልቅ ጭነት በወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄድ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። አፍሪካ ዓባይንና ኮንጎን የመሰሉ ወንዞች እያሏት፣ እኛ በነዳጅና በጎማ የምናልቀው ለምንድን ነው?» (ሹፌር፣ ከሚሌ)

መልስ፦ ከጅቡቲ ተነሥተው ሽቅብ ሲወጡ ማርሽ የሚቀይሩበት ዳገት ራሱ የጥያቄዎ መልስ ነው። አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል፣ በተለይም ምሥራቁና ደቡቡ፣ እንደ ትልቅ ጠረጴዛ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ጠረጴዛው ወደ ባሕሩ የሚያበቃውም በገደል ነው። ወንዞቹ ከውስጥ ረጅም መንገድ በጸጥታ ተጉዘው ወደ ባሕሩ ሲቃረቡ ከጠረጴዛው ጫፍ ይወድቃሉ። የኮንጎ ወንዝ በውሃ ብዛት ከአማዞን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ ነው፤ ተፋሰሱ ከምድር ወገብ በላይም በታችም ስለሆነ አንዱ ወገን በጋ ሲሆን ሌላው ክረምት ነውና ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም። ከኪንሻሳ ወደ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጀልባ ይሄድበታል። ከኪንሻሳ እስከ ማታዲ ወደብ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ግን በተከታታይ ፏፏቴ እየተንደረደረ ስለሚወርድ ጀልባ ፈጽሞ አያልፈውም። ያን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1898 የባቡር ሐዲድ ተሠራ፤ በሥራው ላይ ያለቀው ሰው እጅግ ብዙ ነው። በአውሮፓ ግን የስዊዘርላንዷ ባዝል ባሕር በሌለው አገር ውስጥ ሆና፣ ከሮተርዳም በራይን ወንዝ የሚመጣ ጀልባ ደጃፏ ድረስ ይደርስላታል።

ዓባይ ደግሞ ከጣና ወጥቶ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል፤ ከዚያ ከወጣ በኋላም ከካርቱም እስከ አስዋን በድንጋያማ ፏፏቴዎች የተቆራረጠ ነው። ከወንዞቻችን ለመርከብ አመቺ ሆኖ የተገኘው ባሮ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ የኢልባቦርና የወለጋ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ ይሁንና መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። በበጋ ውሃው ሲጎድል ጋምቤላ ዝናቡን መጠበቅ ነበረባት። መሬቱ ቢፈቅድ እንኳ ሰማዩ የሚከለክልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ባሕሩም ቢሆን አያግዝም። አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አውሮፓ ደግሞ የዚያን ሲሶ ያህል ስፋት ቢኖራቸውም፣ የአውሮፓ ዳርቻ በባሕረ ሰላጤና በልሳነ ምድር የተቦረቦረ ስለሆነ ከአፍሪካው ይረዝማል። የእኛ አህጉር ዳርቻ ቀጥ ያለና ለመርከብ መጠለያ የሚሆን ወሽመጥ ያነሰበት ነው። በዚህ ላይ 16 የአፍሪካ አገሮች ባሕር በር የላቸውም። ዛምቢያ መዳቧን ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና ዕርዳታ እስከ ዳሬ ሰላም 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቶላታል፤ ዑጋንዳ ሞምባሳን ትጠብቃለች። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ዕቃችንን የምናስገባው እርስዎ በሚነዱበት መስመር ነው። ከወደቡ ተነሥቶ ጎጃም ያለ ገበሬ ማሳ ላይ እስኪደርስ ድረስ የአንዱ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ውስጥ የእርስዎ ነዳጅ፣ ጎማና የጉምሩክ ጥበቃ ሁሉ አለበት፤ ስለዚህ ሥራዎ ከጤፉ ዋጋ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ወንዞቹን ለጀልባ የከለከለው ቁልቁለት ግን ለሌላ ነገር ይሆናል። እነዚያው የኮንጎ ፏፏቴዎች በኢንጋ ሁለት ግድቦች አማካይነት 1,775 ሜጋ ዋት ገደማ ማመንጨት የሚችሉ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ቢለሙ ከዚያ ሃያ እጥፍ በላይ ይሰጣሉ ተብሎ ይገመታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውም ዓባይ ከደጋው ወደ ሱዳን ሜዳ ስለሚወርድ ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ መሆኑን ሳስብ፣ ዳገቱን የሚያሸንፈው ኃይል ከዚያው ከዳገታማው አገር ውሃ መገኘቱ ያስደስተኛል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በወጣትነቴ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሙቀት ሰውን ያሰንፋል፣ ስለዚህ ሞቃት አገር ሊበለጽግ አይችልም ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ሲጽፉ እርስዎስ ያንኑ ማለትዎ አይደለምን?» (አንባቢያችን፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም፤ ጥያቄውን ስላነሡልኝም አመሰግንዎታለሁ። ያ አባባል ስለ አየር ሳይሆን ስለ ሰው የተሰጠ የተሳሳተ ፍርድ ነበር፤ ቅኝ ገዥዎችም ተጠቅመውበታል። ሙቀት የሚጎዳበት መንገድ ሌላ ነው። አንዱን ብቻ ላንሣ፤ የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈው ፀፀ ዝንብ በሙቅና እርጥብ ቆላ ትኖራለች፤ እርሷ ባለችበት በሬና ፈረስ አይበረክቱም። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም፤ ፈረስና በቅሎ ከሌሉ ሸክሙ በሰው ራስ ላይ ይሆናል። በኮንጎ ደን የሚኖር ገበሬ በአካፋና በመቆፈሪያ ሲሠራ የኖረው ስንፍና ይዞት ሳይሆን፣ የእኛ ደጋ በሬ ወደዚያ ቢሄድ ስለሚሞትበት ነው። የእኛም ገበሬዎች በግቤ፣ በዴዴሳና በኦሞ ሸለቆዎች ይህን ችግር ያውቁታል።

ተፈጥሮ እያንዳንዱ ክልል ለገበያ ምን ይዞ እንደሚወጣና ወደ ገበያው ለመድረስ ምን ያህል እንደሚከፍል ትወስናለች፤ ገንዘቡ የት እንደሚውል ግን አትወስንም። ቦትስዋናን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1966 ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ አገሮች አንዷ ነበረች፤ ባሕር የላትም፤ የአገሪቱን አብዛኛውን ክፍል የሸፈነው ካላሃሪ ነው። በዓመቱ በኦራፓ አልማዝ ተገኘ። አልማዝ ቀላልና ውድ ስለሆነ ባሕር ላጣ አገር የሚመች ዕቃ ነው፤ በአንድ ሻንጣ የሚወጣው የአንድ ባቡር መዳብ ያህል ያወጣል። ሌሎች አገሮች ከዚህ የሚበልጥ ማዕድን ኖሯቸው በጦርነት ሲያጡት፣ ቦትስዋና ገቢውን መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ላይ አዋለችው። ዛምቢያ ደግሞ ጥሩ ውሃ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በተገነባው በካሪባ ግድብ መብራቷን ታገኛለች፤ በ2024ቱ ድርቅ ሐይቁ ሲጎድል ግን ከተሞቿ በቀን ለብዙ ሰዓት በጨለማ ቆዩ። አንዷ ከደረቅ ምድር፣ ሌላዋ ከእርጥብ ምድር ተነሥተው የደረሱበት ቦታ እንዲህ ይለያያል።

ሆኖም ቦትስዋናም ከሰማዩ አላመለጠችም። በቅርብ ዓመታት የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ ኢኮኖሚዋ ተጎድቷል፤ ከብቶቿም ዝናብ በሌለበት ዓመት ያልቃሉ። የገንዘቧ ስም «ፑላ» ነው፤ በሴትስዋና ቋንቋ ዝናብ ማለት ነው። ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ የምትጠጣውን ውሃ ከአቅራቢያዋ ብቻ ማግኘት ስላልቻለች፣ ከሰሜን ምሥራቁ ክፍል ከሌትሲቦጎ ግድብ 360 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ታስመጣለች።